የባሕር ዳር አያያዝ ትምህርት ለደጋ ልጅ ምን ይጠቅመዋል?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ምሳሌ በአገራችን እጅግ የታወቀ ነው። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ሀብት በደጁ እያለፈ ሳለ አያያዙን ባለማወቅ የሚቸገረውን ሰው ታዝበው ነው። እኔም በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ አሳቤን ለመግለጥ ዕድል ስላገኘሁ፣ ብዙ ጊዜ ስለማይወራለት አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ይኸውም የባሕርንና የባሕር ዳርን አያያዝ ስለሚያስተምረው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ። አርእስቱን ያየ አንባቢ «ደብረ ታቦር ተቀምጦ ስለ ባሕር ማውራት ምን የሚሉት ነው?» ብሎ እንደሚስቅ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው ታግሦ ቢያነብልኝ፣ ነገሩ የሚያስቅ ሳይሆን የሚያሳስብ መሆኑን እንደሚረዳልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጀመሪያ ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ መግለጥ ያስፈልጋል። «የባሕርና የባሕር ዳር አያያዝ» ተብሎ የሚጠራው፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን በባዮሎጂ፣ በጂኦግራፊ፣ በሕግ፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በሌላ ዘርፍ የፈጸመ ሰው የሚገባበት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ነው። ከልዩ ልዩ ዘርፍ የመጡ ሰዎች በአንድ ክፍል መቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃና የብስ የሚገናኙበት ሥፍራ የብዙ ሰው ጥቅም የሚጋጭበት ሥፍራ ነው። ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚጥለው፣ ገበሬው ውኃው ሲሸሽለት የሚያርሰው፣ እረኛው ከብቱን የሚያሰማራው፣ ነጋዴው ሆቴሉን የሚሠራው፣ መነኩሴው በገዳሙ የሚጸልየው በዚያው በውኃው ዳር ነው። ሁሉም በየበኩሉ እውነት አለው። እንግዲህ ይህ ትምህርት የሚያስተምረው ስለ ውኃው ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ እነዚህን ሁሉ ጥቅሞች በልክና በማስረጃ አመዛዝኖ ሀብቱ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ የማድረግን ጥበብ ነው።

«እኛ ባሕር የለን፤ ታዲያ ይህ ትምህርት ምን ያደርግልናል?» የሚል ጥያቄ ወዲያው እንደሚነሣ የታወቀ ነው። እርግጥ ነው፣ አገራችን ከ1985 ዓ. ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ከዚያ በፊት ግን ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ነበራት፤ በ1956 ዓ. ም. የተቋቋመው የመርከብ ድርጅቷም ስሙና አደረጃጀቱ ተለውጦ እስከ ዛሬ ዕቃ ያመላልሳል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩ የመርከብ መሐንዲሶችን የሚያሠለጥን ተቋም አለው። ይህ ሁሉ ግን የኔ ዋና ምክንያት አይደለም። የኔ ምክንያት ከቋንቋችን ይጀምራል። አማርኛችን ጨው ያለውንም ጨው የሌለውንም ሰፊ ውኃ «ባሕር» ይለዋል። የክልላችን ዋና ከተማ ስሟ ባሕር ዳር የሆነው ቀይ ባሕር ስለሚታያት አይደለም፤ በጣና ዳር ስለ ተቀመጠች ነው። ስለዚህ የባሕር ዳር አያያዝ ትምህርት ለኛ ባዕድ ነው የሚል ሰው፣ የገዛ አገሩን ከተማ ስም ትርጉም ዘንግቷል ማለት ነው።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ታላቁ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም፤ እጅግ ጠለቀ በተባለበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንደ ምጣድ ሰፊና ዝርግ ነው ብንል አንሳሳትም። ዝርግ ምጣድ ደግሞ በጥቂት አፈር ይሞላል። የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በደቡብ ጎንደር በፎገራ፣ በደራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች የሚገኝ ነው። ለሐይቁ አብዛኛውን ውኃ የሚያስገቡት አራት ወንዞች ትንሹ ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ሲሆኑ፣ ከነዚህ ውስጥ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ የሚነሡ ናቸው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ከከተማችን ሆነን በየማለዳው የምናየው ተራራ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የጣና ዳር የት ይጀምራል? በኔ አስተያየት የጣና ዳር የሚጀምረው ደንገሉ ከሚበቅልበት ጭቃ አይደለም፤ የሚጀምረው ከጉና ወገብ፣ ገብስና ድንች ከምንዘራበት ተዳፋት ነው።

እኔ የፋርጣ ገበሬ ልጅ ነኝ። ክረምት በገባ ቁጥር ከማሳችን ጫፍ ላይ አንድ ቦረቦር እየሰፋ ሲሄድ እያየሁ አድጌአለሁ። አባቴ ድንጋይ ይደረድሩበታል፤ ጎርፉ ደግሞ ያፈርሰዋል። በሐምሌ ወር የሚወርደው ውኃ ቀለሙ የጠላ አተላ ይመስላል፤ እርሱም ወደ ጉማራ ይገባል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው ግንዱን ብቻ ለማለት ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስብ ነበር፤ ነገር ግን ከግንዱ ይልቅ የሚያስፈራው የማይታየው አፈር ነው። እኛ ደጋ ላይ ያጣነው አፈር ቆላ ወርዶ አልጠፋም። ጥቂቱ በፎገራ ሜዳ ላይ ተኝቶ ሩዝ ያበቅላል፤ የቀረው ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ደለል ይሆናል። ከአፈሩ ጋርም ለማሳችን የጨመርነው ማዳበሪያ አብሮ ይሄዳል። በነሐሴ 1998 ዓ. ም. ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ጎርፍ ባጥለቀለቃቸው ጊዜ ብዙ ሰው ከቤቱ መፈናቀሉን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። የላይኛው አገር ያልያዘው ውኃ የታችኛውን አገር እንደሚይዘው ከዚያ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዓሣው ልመለስ። በጣና ውስጥ ቀረሶና አምባዛ መኖራቸውን ሁሉም ያውቃል። ነጭ ዓሣ እያልን በጅምላ የምንጠራው ወገን ግን አንድ ዓይነት ሳይሆን ብዙ ነው። ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት፣ ከነዚህ ውስጥ 15 ያህሉ ዓይነቶች ከጣና በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም። ከነርሱም ቢያንስ 7ቱ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው በርብ፣ በጉማራና በሌሎቹም ወንዞች ሽቅብ እየዋኙ፣ ንጹሕ ጠጠርና ፈጣን ውኃ ካለበት ደርሰው ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ይኸውም ማለት የጣና ዓሣ የሚወለደው ወደኛ አቅጣጫ መጥቶ ነው። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ ዕንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ወንዙ በበጋ ተጠልፎ ከደረቀ ደግሞ ጫጩቶቹ መመለሻ ያጣሉ።

ይህም ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገቡ። የዓሣው ምርት መጀመሪያ ላይ አደገ። ነገር ግን ዓሦቹ ለመውለድ ተሰብስበው በወንዞቹ አፍ ላይ በሚቆሙበት ወር መረብ መዘርጋት፣ ዘር ሊዘራ የወጣን ገበሬ ከነዘሩ እንደ መግደል ያለ ነገር ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ. ም. ባሉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት የነዚህ ዓሦች ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። መንግሥትም ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አውጥቷል። ሕጉ አለ። ነገር ግን የትኛው ዓሣ፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ወንዝ አፍ እንደሚሰበሰብ ለይቶ የሚያውቅና ለአጥማጁም በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው በየወረዳው ከሌለ፣ ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ለማስረዳት ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በፊሊፒንስ አገር ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። በዚያም ሐይቅ ከኛዎቹ ጋር የሥጋ ዝምድና ያላቸው፣ ከላናኦ በቀር በየትም የማይገኙ 17 ዓይነት ዓሦች ነበሩ። ከሌላ ቦታ የመጡ በላተኛ ዓሦች ገቡባቸው፤ አጠማመዱም ልክ አጣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ17ቱ 15ቱ ፈጽመው መጥፋታቸውን አስታወቀ። እንግዲህ በዓለም ላይ የዚህ ዓይነት ታላቅ የዓሣ ቤተ ሰብ ሳይፈርስ የቀረው በጣና ብቻ ነው። ከሐውልትና ከቤተ መንግሥት በማያንስ ሁኔታ አደራ ተቀብለናል ማለት ነው። ዩኔስኮም በ2007 ዓ. ም. የጣናን አካባቢ በዓለም የባዮስፌር ክልሎች መዝገብ ውስጥ ያገባው በከንቱ አይደለም።

ስለ እምቦጭ ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አልናገርም። ይህ አረም የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ. ም. ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፎገራ ናበጋን በመሰሉ ቀበሌዎች ዳርቻውን አልብሶት ታየ። በ2010 ዓ. ም. ከየአገሩ የመጣ ወጣት ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል፤ ማሽንም ተገዝቶ መጥቷል። የዚያ ወጣት ፍቅር የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ 20 ዓመት ያህል ሳይሞት ይቆያል፤ ከሥሩ የተቆረጠችውም ቅርንጫፍ ብቻዋን ትበቅላለች፤ የተመቸው እንደ ሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። የሚያደልበውም ከደጋ የሚወርደው ማዳበሪያና ለም አፈር ነው። ስለዚህ ታች ሺህ ሰው ሲነቅል ላይ ሺህ ማሳ የሚቀልበው ከሆነ፣ ሥራው በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ቅጠሉ የት እንዳለ፣ እሳቱም ከየት እንደሚመጣ የሚያሳየን ግን ዕውቀት ነው።

የዳርቻው ጥቅም እንዴት እንደሚጋጭ ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ ውኃውን የሚቆጣጠር ግድብ በ1980ዎቹ ተሠርቷል፤ በ2002 ዓ. ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ኤሌክትሪክ እንደሚያስፈልገን የሚክድ የለም፤ እኔም ይህን የጻፍኩት በኤሌክትሪክ ብርሃን ነው። በ1995 ዓ. ም. ግን የሐይቁ ውኃ ከመጠን በላይ ወርዶ መርከቦች መጓዝ አቅቷቸው ነበር፤ ውኃው የለቀቀውንም መሬት ገበሬዎች አረሱት። በፎገራ ደግሞ ሩዝ ከገባ ወዲህ ብዙ ድኻ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል፤ ወረታ ላይ የተቋቋመውም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ለመላው አገር የሚጠቅም ነው። ነገር ግን ሩዙና የበጋው እርሻ እየገፉ ሄደው እነ ሸሸርንና ወላላን የመሳሰሉትን ረግረጎች አጣብበዋቸዋል። ረግረግ ማለት ደለሉን የሚያጣራ ወንፊት፣ ዓሣ የሚያድግበት ጓዳ፣ የወፍም ማደሪያ ነው። ታዲያ ገበሬው ጥፋተኛ ነው ልንል ነውን? እርሱ ልጆቹን ሊያበላ አረሰ። መንግሥት ጥፋተኛ ነው ልንል ነውን? እርሱም መብራት ሊያበራ ገደበ። ጥፋቱ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ የሚመዝን ሰው ማነሱ ነው።

በአገራችን ሰዎች በወሰን ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሽማግሌውም ምስክር ይሰማል። በጣና ጉዳይ ግን ዓሣው መጥቶ አይመሰክርም፤ ረግረጉም አቤት አይልም፤ ገና ያልተወለደውም ልጅ ጠበቃ የለውም። በባሕር ዳር አያያዝ የሠለጠነ ሰው የነዚህ ሁሉ ምስክር ነው። ውኃው ስንት እንደ ወረደ፣ ዓሣው ስንት እንደ ቀረ፣ ደለሉ ከየትኛው ተፋሰስ እንደ መጣ ለክቶ ያቀርባል። ፍርዱን የሚሰጡት ሕዝቡና መንግሥቱ ናቸው፤ ያለ ምስክር የሚሰጥ ፍርድ ግን ፍርድ አይባልም።

ይህን ለመሰለ ሥራ የበቁ ሰዎች ከመካከላችን ወጥተዋል። ዶክተር እሸቴ ደጀን በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፋቸውን ያቀረቡት ሰው ንቆ በሚያልፋቸው በጣና ትንንሽ ዓሦች ላይ ነው። ከነዚያም ትንንሽ ዓሦች አንዱ ለሳይንስ አዲስ ሆኖ ተገኝቶ፣ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው በጣና ስም ሰይመውታል። ብዙዎቻችን በ«እመጓ» ደራሲነታቸው የምናውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴም በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ2007 ዶክተር የሆኑት የኛኑ የደቡብ ጎንደርን የአብያተ ክርስቲያናት ደን አጥንተው ነው። ጥናታቸው መደርደሪያ ላይ አልቀረም፤ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር መክረው በአንዳንድ አጥቢያዎች ከብት ደኑን እንዳይገባበት ዙሪያውን የድንጋይ ካብ እንዲካብ ምክንያት ሆነዋል። ድንጋዩም ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ስለሆነ ማሳው ጸዳ፣ ደኑም ተጠበቀ። ከፍ ያለ ትምህርት ማለት ይህ ነው። ሰውየው ሆላንድ ድረስ ሄደው የተማሩት የሆላንድን ሳይሆን የሰፈራችንን ነው።

የግድ አውሮፓ መሄድ ያስፈልጋል ማለቴ ግን አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስለ ዓሣና ስለ ውኃ ሀብት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይሰጣል፤ ስለ ዓባይ ውኃ የሚመራመርም ተቋም አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ስለ ዓሣና ስለ ውኃ ውስጥ ሕይወት ሲያስተምር የቆየ ነው። ይሁን እንጂ የምመኘው ከዚህ ይልቃል። በሰሜን ዋልታ አጠገብ በምትገኘው በአይስላንድ ኢሳፍዮርዱር የምትባል፣ ነዋሪዋ ከሦስት ሺህ የማይበልጥ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። ክረምቷ ጨለማ፣ መንገዷም በበረዶ የሚዘጋ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ ግን በዚያች ከተማ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ማዕከል የባሕርና የባሕር ዳር አያያዝ ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል፤ ከልዩ ልዩ ክፍለ ዓለም የመጡ ተማሪዎችም ይማሩበታል። ተማሪዎቹ ወደዚያ የሚሄዱት ከተማዋ ትልቅ ስለ ሆነች አይደለም፤ የሚጠናው ነገር በደጃፏ ስላለ ነው። እንዲህ ከሆነ ጉናን ከራስጌው፣ ጣናን ከግርጌው ያደረገው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ፣ ከተራራ ጫፍ እስከ ሐይቅ ዳር ያለውን አንድ አድርጎ የሚያስተምር የድኅረ ምረቃ ክፍል የዓለም ተማሪ የሚመጣበት አድርጎ ቢያደራጅ ምን ይከለክለዋል?

ከዚህ በኋላ የሚቀሩኝ ሁለት ተቃውሞዎች ናቸው። የመጀመሪያው የወላጆቻችን ነው። የመንደራችን ሰው ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆንለት ይመኛል። አባቴም «ዓሣ ለመቁጠር ነው እንዴ ይህን ያህል ዓመት የተማርኸው?» ይሉኛል። በክፍላችንም አንድ ልጅ ስለ ውኃና ስለ ዓሣ መማር እወዳለሁ ያለ እንደ ሆነ ሣቅ ይነሣል። ወላጆቻችንን አልፈርድባቸውም፤ ከድኅነት ቶሎ የሚያወጣቸውን ልጅ መመኘታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሐኪም የታመመውን ሰው ያድናል፤ አፈሩ ያለቀበትን አገር ግን በመርፌ ማዳን አይቻልም። አባቴ በየዓመቱ የሚደረድሩት ድንጋይ ለምን እንደሚፈርስ፣ እርከኑ በስንት ሜትር ርቀትና በምን ያህል ቁልቁለት ቢሠራ እንደሚጸና ለክቶ የሚነግራቸው የገዛ ልጃቸው ቢሆን፣ ያ ልጅ ዓሣ ቆጣሪ ይባላልን?

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚከብድ ነው። «ስንት የተማረ ሰው ጣናን አጠና፤ እምቦጩ ግን መች ጠፋ?» ይላሉ። እውነት አላቸው። ስለ ጣና የተጻፈው ጥናት ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ በዩኒቨርሲቲዎች መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የናበጋ ገበሬ አላነበበውም፤ የደራ ዓሣ አጥማጅ አልሰማውም፤ የፋርጣም ገበሬ ማሳው ከሐይቁ ጋር እንደሚገናኝ የነገረው የለም። በደንገል ታንኳ ላይ ኖረው ዓሣውን በየስሙና በየወቅቱ የሚያውቁት የነገደ ወይጦ ሽማግሎችም ምን ያህል ተጠይቀዋል? እንግዲህ ጉድለቱ የትምህርት መብዛት አይደለም፤ ትምህርቱ ወደ ባለቤቱ አለመመለሱ ነው። ተምሮ በውጭ አገር የሚቀረውም፣ ተምሮ አዲስ አበባ በቢሮ የሚቀመጠውም፣ ጽሑፉን ለመምህሩ ብቻ የሚያስረክበውም ከዚህ አንጻር ሲታዩ ልዩነታቸው ጥቂት ነው።

በዚህ ነገር የከተማችን ታሪክ ራሱ ያስተምረናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚሁ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ አስቀልጠዋል። 70 ኩንታል ያህል ይመዝን የነበረው ሴባስቶፖል ከዚህ ተነሥቶ በ1860 ዓ. ም. መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ተጎትቷል። የንጉሡ አሳብ ታላቅ ነበር። ነገር ግን ጥበቡ ከባዕዳኑ እጅ ወደ አገሩ ልጆች ሳይተላለፍ ቀረ፤ ንጉሡ ካረፉና ባዕዳኑም ከሄዱ በኋላ የጋፋት እሳት ጠፋ። ጣናንም የውጭ ሰው መጥቶ ቢያጠናልን እናመሰግነዋለን፤ ነገር ግን አውቆ የሚቆይ የአገር ልጅ ከሌለ የጋፋት ነገር ይደገማል።

ስለዚህ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በጣናና በወንዞቹ ላይ የሚጻፍ እያንዳንዱ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ከጥቂት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ጋር እንዲቀርብ፣ ተማሪውም ለአጠናው ቀበሌ ሕዝብ ቆሞ እንዲያስረዳ ቢያደርጉ መልካም ነው። የፎገራ፣ የደራ፣ የሊቦ ከምከም፣ የፋርጣና የጉና ዙሪያ ወረዳዎች ደግሞ በዚህ ሙያ የተማረውን ልጅ በተማረበት ሥራ ላይ ያስቀምጡት፤ ላይኛውና ታችኛው ወረዳም በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አብረው ተቀምጠው ይምከሩ። ሦስተኛው ልመናዬ ለእናንተ ለክፍል ጓደኞቼ ነው። የምርጫ ቅጽ ስትሞሉ ሌላው የሞላውን አይታችሁ ብቻ አትሙሉ። ባዮሎጂ የሚወድ፣ ጂኦግራፊ የሚወድ፣ ሕግም የሚወድ ሁሉ በመጨረሻ ወደዚህ ጥናት የሚገባበት በር አለው።

እኔ በበኩሌ መንገዴን መርጫለሁ። ውጤት ከመጣልኝ መጀመሪያ ባዮሎጂ፣ ከዚያም በሁለተኛ ዲግሪ የውኃና የባሕር ዳር አያያዝ ለመማር አስቤአለሁ። አባቴን ገና አላሳመንኳቸውም፤ ይህ መጽሔት ታትሞ ሲወጣ ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ። የደጋ ልጅ ውኃውን ካላዳነ የቆላው ልጅ ብቻውን አያድነውም። ጉና ከላይ፣ ጣና ከታች፣ እኛም በመካከል ነንና፣ ወጣቶች ሆይ፣ የዓባይ ልጆች ሆነን ውኃ እንዳይጠማን ዛሬውኑ ለትምህርቱ እንነሣ።